እርጥብ ታንኳ

«አንድ ባለ ታንኳ ነበረ» አልኳት።

የምነግራት የሟች ባለቤቴ ታናሽ እህት ውዳላት ናት። ልጄን የምታሳድግልኝ እሷ ናት። ሰውነቷን ሁሉ ያማታል፤ ዛሬ ትከሻዋን፣ ነገ ጉልበቷን፣ ከነገ ወዲያ ሁሉንም። ደም ሰጠች፣ ራጅ ተነሣች፤ ውጤቱ ሁሉ ደህና ነው ተባለ። አንዱ ሐኪም «ጭንቀት ነው» አላት። የመጨረሻው «ፋይብሮማያልጂያ ይባላል፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም» ብሎ ሌላ በሽተኛ ጠራ። በዚያ ቀን ልጁን ከጭኗ አውርዳ ክንዷን እያሸች ጠየቀችኝ፦

«ጋሼ፣ የማይድን ከሆነ ሐኪም ምን ይሠራልኛል?»

ስለዚህ ይህን ነገርኳት።

አንድ ባለ ታንኳ ነበረ። ታንኳው እንደ አገሩ ታንኳ ሁሉ ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ዳር ተክል በእስር በእስር የተሠራች ናት። ከማዶው ጫካ ማገዶ ጭኖ ወደ ከተማው ገበያ ያሻግራል። ጠላ ጠማቂዎቹ ዳር ቆመው ይጠብቁታል። ኑሮው ይኸው ነው።

አንድ ዓመት ታንኳዋ ትከብደው ጀመር። ጠዋት ሲነሣ እንደ ሌሎቹ ቀላል ናት። ሐይቁ መሃል ስትደርስ ግን ከሥር አንዳች ነገር የያዛት ይመስል አልሄድም ትላለች። ጓደኞቹ ደርሰው፣ ሸጠው ሲመለሱ እሱን ገና መንገድ ላይ ያገኙታል። ሲደርስ ገበያው ተበትኗል፤ ማገዶውም ርሷል።

«ዛሬ ደግሞ ምን በልታ ነው?» ይሉታል።

«ሐይቁን ጠጥታ ነዋ! ትንሽ ከታገሥናት በእግራችን እንሻገራለን» ይላል ሌላው።

ታንኳዋን ወደ ታንኳ ሠሪ ወሰዳት። እዚያ አገር አንድ ወግ አለ። እርጥብ ታንኳ ይዞ ሠሪ ደጅ መሄድ ነውር ነው፤ በጭቃ እግር ሰው ቤት እንደ መግባት ይቆጠራል። ሰውየውም እንደ ወጉ ታንኳዋን ዛፍ ላይ አስደግፎ አቆማት። ውኃዋ ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ፣ ፀሐይም ሲያደርቃት፣ ተሸክሟት ሄደ። ሠሪው በአንድ እጁ ብድግ አደረጋት። ገመዷን ሳበ፤ ሆዷን በቡጢ መታ መታ አደረገ።

«አንተ ሰው፣ ይህች እኮ ከእኔም ከአንተም ትሻላለች! ቀዳዳ የላት፣ የላላ ገመድ የላት።»

ሌላ ሠሪ ዘንድ ሄደ። ያም አገላብጦ አያትና «ክንድህን አስመርምር» አለው። ከዚያ የሄደበት ደግሞ ታንኳዋን ሳይነካ ስለ ሥራ ወዳድነት መከረው። ሠሪዎቹ አልዋሹም። ያዩት ደረቅ ታንኳ ነው፤ ስትደርቅ ደግሞ በእርግጥ ደህና ነበረች።

ሰውየው ቀስ በቀስ አመናቸው። «ታንኳዋ ደህና ከሆነች ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ» አለ። ስለ ክብደቷ መናገር ተወ። ቤቱ ለምን እንደ ዘገየ ሲጠይቁት «ነፋስ ነበር» ይላል። በመጨረሻ ሐይቁን ሊተው ቆረጠ። ታንኳዋን ያው ዛፍ ላይ አስደገፋት፤ ስትደርቅ ፈትቶ ሊያነድዳት ነው።

ከዛፉ ሥር አንድ ሽማግሌ ታንኳ ሠሪ ተቀምጠው ገመድ ይገምዱ ነበር።

«ምን ሆና ነው?» አሉት።

«ምንም አልሆነችም አባባ። ሠሪዎቹ ደህና ናት ብለዋል።»

«እነሱን መች ጠየቅኩ? አንተን ነው።»

ሰውየው ከተጠየቀ ቆይቶ ነበር። «ሐይቁ መሃል ትከብደኛለች» አላቸው። ሽማግሌው ገመዳቸውን አስቀምጠው ተጠጉት። ክብደቱ ከየት በኩል ይጀምራል? ከነፋሱ በፊት ነው በኋላ? ብዙ ስትጭናት ብቻ ነው ወይስ ባዶዋንም? አንድ ቀን ሙሉ ያረፈች ዕለትስ እንዴት ናት? እሱ በመለሰ ቁጥር የሳቸው ዓይን እየበራ ሄደ። የሚያውቁት ሐይቅ ውስጥ የማያውቁት ዓሣ እንዳለ የተነገራቸው ይመስሉ ነበር።

«እንዳታፈርሳት» አሉ በመጨረሻ። «ነገ ማገዶህን ጫን፤ እኔንም ጫነኝ።»

«አባባ! ትሰምጣለች እኮ!»

«እንግዲያ ስትሰምጥ አያታለሁ። ዋና እችላለሁ።»

በማግሥቱ ተነሡ። ሽማግሌው ሱሪያቸውን ጠቅልለው ማገዶው መሃል ተቀመጡ፤ አንድ እጃቸውን ከታች ደንገሉ ላይ አኖሩ። ታንኳዋ ቀልላ ትሄዳለች። ሰውየው ላብ አጠመቀው። የፈራው መስመጥን አልነበረም። «ዛሬ ደህና ብትሆንብኝስ?» እያለ ነበር የሚፈራው።

እዚህ ላይ ታሪኩን አቁሜ «ይህን ፍርሃት ታውቂዋለሽ» አልኳት።

«ቀጥል» አለች ውዳላት።

ሐይቁ መሃል ነፋሱ ተነሣ። ታንኳዋ ድምፅ ሳታሰማ ዝቅ አለች። ውኃው የሽማግሌውን ቁርጭምጭሚት ሸፈነው። ጎንበስ ብለው እዚህ ጋ ጨመቁ፣ እዚያ ጋ ጨመቁ፤ ከፊቷም ከኋላዋም ከጎኗም ውኃ ወጣ።

«አየኋት!» ብለው ሳቁ። «ልክ ነህ። ትከብዳለች።»

ሰውየው የሚቀዝፍበትን ቀርከሃ እንደ ያዘ አለቀሰ። ካለቀሰ በኋላ «ቀዳዳዋ የት ነው?» አለ።

«ቀዳዳ የላትም። ደንገሉ ራሱ ነው የሚጠጣው። አንድ ቦታ አይደለም፤ ሁለመናዋ ነው። ለምን እንደሆነ እኔም በደንብ አላውቅም።»

«ትድናለች?»

«እንደ አዲስ አትሆንም።» ሽማግሌው እጃቸውን ከውኃው አላወጡም። «ግን ከዛሬ ጀምሮ አድርቀህ አታምጣብኝ። እንደ ረጠበች አምጣት።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ያችን ታንኳ መማር ጀመሩ። ጭነቷን ቀነሱ። ሰውየው ነፋሱ ሳይነሣ መነሣት ለመደ። ሐይቁ መሃል ትንሽ ደሴት አለች፤ እዚያ እየወጣ ታንኳዋን ገልብጦ ያሳርፋታል። ድሮ ቢሆን ይህን ስንፍና ይለው ነበር። ሽማግሌው አንዴ ከሆዷ ሥር ሌላ እስር ጨመሩላት፤ ባሰባት፣ ወደ አንድ ጎን አዘመመች። «ተሳስቻለሁ። እንፍታውና ሌላ እንሞክር» አሉ። ሌላ ሞከሩ። አንዳንዱ ጠቀመ፣ አንዳንዱ አልጠቀመም። ክፉ ቀን አሁንም አላት፤ በክፉ ቀኗ ሰውየው ሽማግሌው ዘንድ ሄዶ ይቀመጣል፣ እንዴት እንዳደረጋት ያወራላቸዋል፣ እሳቸውም ይጠይቁታል።

ዛሬም ከጓደኞቹ ኋላ ነው የሚደርሰው። ግን ገበያው ሳይበተን ይደርሳል። ዳር ላይ የሚያሾፉትንም ሽማግሌው አንድ ቀን «እኔ ተሳፍሬባታለሁ። ከእናንተ ማን ተሳፍሮባታል?» አሏቸው።

ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረስኩ።

«ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ደንገል አጭዶ አዲስ ታንኳ ማሠራት ይችል ነበር። እኔ አዲስ ሰውነት የት ሄጄ ላሠራ?»

«እውነትሽን ነው፤ ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያነክሳል» አልኳት። «ስለዚህ ታንኳዋን ተዪና ሽማግሌውን ያዢ። የማያድን ሐኪም ምን ይሠራል ብለሽ ጠይቀሽኛል። አብሮሽ ይሳፈራል። ያመመሽን ከወረቀቱ በፊት ከአፍሽ ይሰማል። አላውቅም ማለት አያሳፍረውም፤ የሞከረው ሲከሽፍም አንቺን ትቶ ሌላ በሽተኛ አይጠራም። እንዲህ ያለው አለ። እስኪገኝ አብሬሽ እዞራለሁ።»

«እሱንስ እሺ። እስካሁን ያየኋቸው ለምን አላዩኝም?»

«ደርቀሽ ስለምትሄጂ ነው። ቀጠሮሽ ሲደርስ ዋዜማውን ትተኛለሽ፤ ፀጉርሽን ትሠሪያለሽ፤ የታጠበ ነጠላ ትለብሻለሽ። ሐኪሙ ‹እንዴት ነሽ?› ሲልሽ ‹ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን› ትይዋለሽ። ወጉ ነው፤ ሰውየውም ታንኳውን ያደረቃት ለወጉ ብሎ ነው። እህትሽም ሐኪሞቹን እስከ መጨረሻው ‹ደህና ነኝ› ትላቸው ነበር። አንቺ እንደ ረጠብሽ ሂጂ።»

ልጁ መጥቶ ቀሚሷን ያዘ፤ ላንሣው አላለችም፣ እጇን ብቻ ራሱ ላይ አኖረች።

«በል አንተ ጠይቀኝ» አለች። «ልልመደው።»

«እንዴት ነሽ?»

«ደህ...» አለችና አቋረጠችው። «ያመኛል።»

ወንበሬን አስጠጋሁ።

«ከየት ይጀምራል?» አልኳት።