ወሰን ላይ የወደቀው ሾላ

አንድ የወንዝ ዳኛ ነበረ። «የኔታ፣ አዲሱ የወንዝ መሥሪያ ቤት ሾሞኛል፤ ሥልጣኔ የት ድረስ ነው?» ብለህ ስለ ጠየቅኸኝ ነው የማወራልህ፤ ቁጭ ብለህ ስማ።

ይህ ሰው ከመሾሙ በፊት ወንዙ ደም ያፋስስ ነበር። በበጋ የላይኞቹ ውሃውን ይገድባሉ፤ የታችኞቹ ጦር ይዘው ይወጣሉ። የአገሩ ገዥ መላው ቢጠፋው ወንዙን ለሁለት ከፍሎ ዳሩ ላይ ድንጋይ አስተከለ። ከድንጋዩ በላይ ይህን ሰው፣ ከድንጋዩ በታች ሌላ ዳኛ ሾመ። ሁለቱም በሽማግሌ ፊት «ከዚህ ድንጋይ ያለፈች እጄ ትድረቅ» ብለው ማሉ። ሥራው ክፉ አልነበረም። ሰባት ዓመት ሙሉ በውሃ ጠብ የሞተ ሰው የለም። እንዲያውም የላይኛው ዳኛ አንዲት ልጁን ለታችኞቹ ዳረ።

በሰባተኛው ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ አንድ ትልቅ ሾላ ከነሥሩ ተነቅሎ ወንዙ ላይ ተጋደመ። ሥሩ ከድንጋዩ በላይ ቀረ፤ ቅርንጫፉ ከድንጋዩ በታች ወደቀ። ጎርፉ ያመጣው እንጨትና ጭቃ እሱ ላይ ተከመረ፤ ውሃውም መሄጃ አጥቶ ከኋላው ተኛ።

መጥረቢያ ያለው ሰው ሁሉ ከወዲህም ከወዲያም ወጣ። የታችኛው ዳኛ ግን፣ «ዛፍ የሥሩ ነው፤ የላይኛው ይቁረጠው» አለ። የላይኛውም፣ «የቆመ ዛፍ የሥሩ ነው፤ የወደቀ ዛፍ ግን የወደቀበት ነው» አለ። አየህልኝ? ሁለቱም የአባቶቻቸውን ሕግ ነው የተናገሩት፤ አንዱም አልዋሸም። ግንዱን በገመድ ለክተው የሚፈርዱ ሽማግሌዎች ይጠሩ ተባለ። ባለመጥረቢያዎቹ ዝናብ እየወረደባቸው ቁጭ ብለው ጠበቁ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

በሁለተኛው ቀን የልጁ ባል ወደ ላይኛው ዳኛ እየሮጠ መጣ። «አባቴ፣ ልጅዎ አራስ ናት፤ በዚህ ዝናብ ከቤት ላወጣት አልቻልኩም። ይህ ውሃ ከለቀቀ መጀመሪያ የሚያገኘው የእኛን ቤት ነው። እባክዎ ያስቆርጡልኝ!» አለው።

ዳኛው አለቀሰ። እያለቀሰም፣ «ልጄ፣ ምያለሁ እኮ! ሽማግሌዎቹ ነገ ይደርሳሉ» ብሎ መለሰው።

በማግስቱ ጠዋት ግንዱ ተሰበረ። ውሃው የታችኛውን መንደር ጠርጎ ወሰደው። ሽማግሌዎቹ ገመዳቸውን ይዘው ከሰዓት በኋላ ደረሱ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ያን ጊዜ ዳኛው፣ በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድንጋዩን አልፎ ወረደ። አማቹ አልተገኘም። የልጁን ሬሳ ግን ጭቃውን በእጁ እየዛቀ አወጣ፤ ሕፃኑን እንደ ታቀፈች ነበረች። እጁ አልደረቀችም።

እንግዲህ ዳኛው አንተ ነህ፤ ድንጋዩም በወረቀት ላይ ያሰመሩልህ ወሰን ነው። ድንጋዩን ንቀል አላልኩህም፤ የተተከለው ሰው እንዳይጋደል ነውና ለዚያ ጠብቀው። ሾላው የወደቀ ቀን ግን መጥረቢያህን ይዘህ እለፈው፤ ከመሐላህ ጋር ኋላ ትታረቃለህ። አሁን «የት ድረስ ነው?» ማለቱን ተውና ከወሰንህ በታች ውረድ። አራስ ያለችበት ቤት የትኛው እንደሆነ ጠይቀህ እወቅ።