ለሁሉም የሚሆን ከተማ

አንድ የእህል ነጋዴ ነበር፤ ስሙ ጥላዬ ይባላል። ጥላዬ በእህል ተራ ብዙ ዘመን ሲኖር አንድ ነገር ተምሯል፤ ከጆንያ አፍ ላይ የሚታየው እህል ሁልጊዜ የተመረጠው ነው። ስለዚህ ሻጭ እየማለ ሲያወድስለት፣ እሱ ዝም ብሎ ሹል ብረቱን ወደ ጆንያው ሆድ ይሰድና ከመሃል ዘግኖ ያወጣል። ይህ ልማድ ብዙ ጊዜ ከመታለል አድኖታል። ክፋቱ፣ ብረቱን ሱቅ ትቶት ሲመጣ ልማዱን ግን ቤቱ ድረስ ይዞት ይገባል።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ቤተሰቡ ለዕረፍት ለመሄድ ተስማማ። ትልቋ ልጁ ምንታምር በጥር ልትዳር ስለሆነ፣ ሁሉም አብረው የሚሄዱበት የመጨረሻው ጉዞ ይህ ነበር። ችግሩ የሁሉም ፍላጎት ለየቅል መሆኑ ነው። አባቱ አባባ ላቀው ለጉልበታቸው ፍልውሃ ይሻሉ። ምንታምር ዋና መማር ትፈልጋለች። ትንሿ ናርዶስ ጉማሬ ካላየሁ ብላ ታለቅሳለች። ሚስቱ አስካለ ደግሞ፣ "እኔ ሌላ ሰው የጠበሰውን ዓሣ ቁጭ ብዬ ልብላ እንጂ የትም ውሰዱኝ" አለች።

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ከድር ይህን ሰምቶ ሳቀ።

"ይሄ ምን ያስጨንቃል? እዚሁ አገራችን ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ አለች። ፍልውሃው፣ ጀልባው፣ ዓሣው፣ ሁሉም እዚያው ነው። እኔ ልጆቼን ወስጄ አይቻታለሁ።"

ከድር እንደወጣ ጥላዬ በሩን ዘጋ። "ጤፍና ስንዴ አንድ ጆንያ ውስጥ ከተገኘ፣ አንዱ ሌላውን ሊደብቅ ነው የገባው። ሁሉም ነገር አለባት የተባለች ከተማ ምን ልትደብቅ ነው?"

"ከተማ እኮ ናት፣ ጥላዬ! ማን ጆንያ አላት?" አለች አስካለ።

"ሰውዬውስ ምን አገባው? እዚያ ሆቴል ያለው ዘመድ ቢኖረው ነው።"

ሌሎች የተነሱ ከተሞችንም እንዲሁ አንድ በአንድ ጠርጥሮ ሲጨርስ፣ ጊዜው እያለቀ ስለነበር ከድር ወዳላት ሐይቅ ዳር ከተማ ሄዱ።

እንደደረሱ ጥላዬ፣ "እኔ ሳላጣራ ማንም ከሆቴሉ ግቢ እንዳይወጣ!" ብሎ አዘዘ። ከዚያ በገበያ እንደለመደው ማጣራት ጀመረ። ስለ ሆቴሉ ጀልባ ነጂውን፣ ስለ ጀልባው የሆቴሉን ወጥ ቤት ይጠይቃል። ያወደሰው ሁሉ ተባባሪ፣ የነቀፈው ሁሉ እውነተኛ ሆነለት።

"ይህ ጀልባ ሰምጦ ያውቃል?" አለው ጀልባ ነጂውን።

"ኧረ ጋሼ! ሰምጦ ቢሆን እዚህ ቆሜ ከእርስዎ ጋር አወራለሁ?"

ጥላዬ በሆዱ፣ "መልሱን አዘጋጅቶ ነው የጠበቀኝ" አለ። የተጠበሰ ዓሣ ሲቀርብ ደግሞ አገላብጦ አሸተተና፣ "የትናንት ነው፣ መልሱት" አለ። አስካለ ለመቁረስ የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። ፍልውሃውንም፣ "ማን ምን እንደታጠበበት ይታወቃል?" ብሎ ከለከለ። አባባ ላቀው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ፤ ናርዶስ በአጥር ቀዳዳ ሐይቁን ታያለች።

ከዚያ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ልመናው ሁሉ በድንገት ቀረ። እንሂድ፣ እንይ የሚል ጠፋ። እሱ ሲገባ ሹክሹክታው ይቆማል። የምንታምር ፀጉር ያለ ዝናብ ረጥቧል። አስካለ እራት ሲቀርብ፣ "ጠግቤያለሁ" ትላለች። አባባም ሲነሱ እንደ ድሮው አያቃስቱም።

"ማታለሉ እቤቴም ገባ ማለት ነው!" አለ ጥላዬ። ፊቱ ጠቆረ። በማግስቱ፣ "የመመለሻ መኪና ላጣራ ነው" ብሎ ወጣና ከአንድ ትልቅ ሾላ ጀርባ ተደበቀ። ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቡ በኋላ በር ተራ በተራ ሹልክ እያሉ ወጡ። የሚመራቸው ያ ጀልባ ነጂ ነበር። ጥላዬ እየተሹለከለከ ተከተላቸው።

መንገዱ ፍልውሃው ዘንድ አደረሰው። ከቁጥቋጦ ኋላ ሆኖ አየ። አባቱ እስከ ወገባቸው ሙቁ ውሃ ውስጥ ተቀምጠዋል። ምንታምር እዚያው ሙቁ ውሃ ውስጥ እጇን እያንቦጫረቀች ዳር ዳሩን ትዋኛለች። አስካለ ዓሣ ይዛ ጣቷን ትልሳለች። ናርዶስ ከሐይቁ መሃል ብቅ ያለ ጉማሬ እያሳየች፣ "አባባ፣ እንደ እርስዎ ያዛጋል!" ስትል ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ጥላዬ የአባቱን ሳቅ እናቱ ከሞተች ወዲህ ሰምቶት አያውቅም። ሳያውቀው እሱም ፈገግ አለ፤ ሳያውቀውም ከተደበቀበት ወጣ።

መጀመሪያ ያየችው ናርዶስ ናት።

"አባ መጣ!" አለች። የደስታ ድምፅ አልነበረም። ሌሎቹን ማስጠንቀቋ ነበር።

ሳቁ ቀጥ አለ። ምንታምር ከውሃው ዘላ ወጣች። አስካለ ዓሣውን ከጀርባዋ ሸሸገች። አባባ ላቀው እንኳ፣ ያን የሚያህሉ ሽማግሌ፣ ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ ዳር ያስቀመጡትን ጋቢያቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

"ለምን ታታልሉኛላችሁ?" አለ ጥላዬ።

አባቱ ቀና ብለው አዩት።

"ልጄ፣ የሚያታልል ሰው ስትፈልግ ከረምክ፤ ይኸው አገኘኸን። ስንመጣ ግን እንዲህ አልነበርንም።"

ጥላዬ ቀረብ አለ። ጫማውን አውልቆ ከአባቱ አጠገብ እግሩን ውሃው ውስጥ ነከረ። ውሃው ከድር እንዳለው እውነተኛ ፍልውሃ ነበር። የቆመው ሳቅ ግን በዚያ ቀን አልተመለሰም። ማግስቱም ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት ቀን ነበር።

መጠንቀቅ ጥሩ ነው፤ ከአታላይ ያድናል። ሁሉን የሚጠረጥር ሰው ግን አታላዩን ሳይሆን የሚወዱትን ሰዎች ያርቃል፤ እነሱም ሐዘናቸውን ሳይሆን ደስታቸውን ይደብቁታል። እስቲ እናንተም ልብ በሉ፤ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ሳቁ ይቀጥላል ወይስ ይቆማል?