ጃርት ያዋሳት እሾህ

ተረት ልንገራችሁ? ንገረን ካላችሁማ ጆሮ ስጡኝ። ጅቦች ወንዙን ተሻግረው መጡና አቅም ያለው ሁሉ እንዲዘምት አዋጅ ተነገረ። አራዊቱ ተሰልፈው ዝንጀሮ አንድ በአንድ ሲመዘግብ፣ ጀርባው ሙሉ እንደ ጦር የሾለ እሾህ የሆነው ጃርት ተራው ሲደርስ ግራ እግሩን ያነክስ ጀመር።

«እግሬን አሞኛል፣ ጌታዬ» አለ።

ከኋላው የቆመው፣ ዓይኑ እንኳ አጥርቶ የማያይ ፍልፈል አዘነለት። «አይዞህ ወንድሜ፣ በአንተ ፈንታ እኔ እሄዳለሁ። ብቻ ከእሾህህ አንዷን አውሰኝ።»

ጃርት ቀና ብሎ ሳያየው አንዲቷን ነቅሎ ሰጠው።

ክረምቱ አልፎ ጅቦቹ ተባረሩ። ዘማቾቹ ሲመለሱ፣ በምዝገባው ቀን ከፍልፈል ኋላ ተሰልፋ የነበረችው ኤሊ እሾኋን ይዛ ጃርት ደጃፍ ቆመች።

«ፍልፈል ወድቋል። ሊሞት ሲል ‹ለባለቤቷ መልሺልኝ፤ እግሩ ተሽሎት እንደሆነም ጠይቂልኝ› ብሎ አደራ ሰጥቶኛል።»

ጃርት ሊቀበላት እጁን ዘርግቶ እያነከሰ መጣ። ኤሊ የሚያነክሰውን እግሩን አየች። «ያን ዕለት ያመመህ ግራው መስሎኝ ነበር» አለች።

እኔ ጨርሻለሁ፤ እናንተ ተረቴን ተቀበሉኝ። ጃርት ግን የዘረጋትን እጁን አጥፎ፣ እሾኋን እስከ ዛሬ አልተቀበለም።