ትርንጎ ካልተኛች

ተረት ይመስላል እንጂ ደሴ ከተማ ውስጥ የሆነ ነው። አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሰው ነበሩ። አንዲት ልጅ ብቻ አለቻቸው፤ ስሟ ትርንጎ ነው። ትርንጎ ከዳውን ሲንድረም ጋር ነው የተወለደችው። ያኔ ሐኪሞቹ ልቧን አዳምጠው “ቀዳዳ አለው፤ አትከርምም” አሏቸው። እሷ ግን ከረመች። አድጋም በአንድ የልብስ ስፌት ማኅበር ቁልፍ የምትተክል ሠራተኛ ሆነች።

አንድ ቀን ወደ ማኅበሩ የኢንሹራንስ ወኪል መጣ። ሠራተኞቹን ሁሉ የሕይወት ኢንሹራንስ ሲያስገባ ትርንጎን አይቶ አለፋት። እሷም ቤቷ ገብታ “ለእኔም ይጻፍልኝ” አለች። ሌላ ምንም አልፈለገች፤ ነጋ ጠባ ይህንኑ ትላለች።

አባት ልጃቸውን ይዘው ወኪሉ ዘንድ ሄዱ። ወኪሉ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንደ ትርንጎ ላለ ሰው ግን ጽፎ አያውቅም። ኃላፊው ካልፈቀደ ወኪሉ አይጽፍም፤ ወኪሉ ካልጻፈ ትርንጎ ዝም አትልም።

ፎቅ ወጥተው ኃላፊው ዘንድ ገቡ። ኃላፊው እንዲህ ያሉ ሰዎች ዕድሜያቸው አጭር ነው ሲባል ሰምቷል፤ የሰማውንም አምኗል። ሐኪም ካልመሰከረ ኃላፊው አይፈቅድም፤ ኃላፊው ካልፈቀደ ወኪሉ አይጽፍም፤ ወኪሉ ካልጻፈ ትርንጎ ዝም አትልም።

ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሟ ደግ ሴት ናት፤ አዳመጠቻት፣ አገላበጠቻት። ስለ ቀዳዳው ስትሰማ ግን በጆሮ ብቻ አልመሰክርም፣ ልቧ በመሣሪያ ይታይ አለች። አቶ ልሳነወርቅ ያን ልብ ማየት ሲፈሩ ነው የኖሩት። ቢሆንም መሣሪያው ካላየ ሐኪሟ አትመሰክርም፤ ሐኪሟ ካልመሰከረች ኃላፊው አይፈቅድም፤ ኃላፊው ካልፈቀደ ወኪሉ አይጽፍም፤ ወኪሉ ካልጻፈ ትርንጎ ዝም አትልም።

የመሣሪያው ክፍል ጨለም ያለ ነው። ትርንጎ በሩ ላይ ቆመች፤ ነርሷ ብትለምናት፣ አባቷ ቢያባብሏት አልገባም አለች። እሷ ካልተኛች መሣሪያው አያይም፤ መሣሪያው ካላየ ሐኪሟ አትመሰክርም፤ ሐኪሟ ካልመሰከረች ኃላፊው አይፈቅድም፤ ኃላፊው ካልፈቀደ ወኪሉ አይጽፍም፤ ወኪሉ ካልጻፈ ትርንጎ ዝም አትልም። ዝምም አላለችም፤ “አባባ ካልተኛ እኔ አልተኛም” አለች።

አቶ ልሳነወርቅ ባርኔጣቸውንና ኮታቸውን አውልቀው፣ ሸሚዛቸውን ከፍተው ተኙ። ነርሷ ቀዝቃዛውን ቅባት ደረታቸው ላይ ስታደርግ የመሣሪያው መስኮት ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ትርንጎ ሳታውቀው አልጋው አጠገብ ደርሳለች።

“ማነው የሚከፍተው?” አለች።

“ማንም። ልቡ ራሱ ነው” አለቻት ነርሷ።

“ተኝቶም?”

“ተኝቶም።”

ትርንጎ አባቷን አስነሥታ ቦታቸው ላይ ተጋደመች። አቶ ልሳነወርቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፤ ኋላ ገለጡት። አይከርምም የተባለው ልብ ይኸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። እሳቸው ሲሰጉ፣ ሲጸልዩ፣ እንቅልፍ ሲወስዳቸውም ለካ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆም ሲሠራ ኖሯል። ቀዳዳው የታል ብለው ጠየቁ። ነርሷ ደጋግማ ፈለገችው፤ የለም። ሐኪሟም መጥታ አየች። አንዳንዱ ቀዳዳ ልጅ ሲያድግ ራሱን በራሱ ይደፍናል አለቻቸው። አቶ ልሳነወርቅ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው መልሰው ያደረጉትን ባርኔጣ አወለቁ።

እንግዲህ ትርንጎ ተኛች፤ መሣሪያው አየ፤ ሐኪሟ መሰከረች፤ ኃላፊው ፈቀደ፤ ወኪሉ ብዕሩን አነሣ። ጽፎ ሊጨርስ ሲል፣ አንቺ ብትሞቺ ገንዘቡ ለማን ይሁን ብሎ ጠየቃት። አባት ይህን ጥያቄ እሷ ፊት ባይጠይቅ በወደዱ።

“ለአባባ” አለች ትርንጎ። “እኔ ከሞትኩ ማን አለው?”

አቶ ልሳነወርቅ ልጃቸው ከተወለደች ጀምሮ፣ እኔ ስሞት ይህች ልጅ ምን ትሆናለች ሲሉ ነው የኖሩት። እሷም ስለ እሳቸው ይህንኑ ስታስብ መኖሯን እስከዚያች ቀን አላወቁም። ቀና ብለው እንደ አዲስ አይዋት።

ወኪሉ ጻፈ። ትርንጎም ዝም አለች።