ሳያስፈቅድ የወረደው ድር

ተረቴን ላምጣ፤ እናንተም ጆሯችሁን አምጡ።

በአንድ አገር ድርቅ በገባ ጊዜ እንስሳት እህላቸውን በአንድ ጎተራ አከማቹ። ጦጣ በጎተራው መስኮት ተቀምጣ ለየቤቱ የምትሰፍረው፣ አንበሳ ከዙፋኑ ሆኖ፣ ሸረሪት ከዙፋኑ እስከ መስኮቱ የዘረጋችውን ድር ሲነቀንቅላት ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ሸረሪት ድሩ መሳሳቱን አይታ ወደ አንበሳ ሄደች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ድሩ ሊበጠስ ነው። ለግማሽ ቀን ላውርደውና በአዲስ ልተካው።»

«ዛሬ?» አለ አንበሳ። «የነብር መልእክተኞች ለምሳ እየመጡ፣ ሥራው የቆመ ግዛት ላሳያቸው?»

አማካሪው ቀበሮ ጣልቃ ገባ። «እትዬ ሸረሪት፣ ድሩ አሁን ይሠራል አይሠራም?»

«ይሠራል።»

«ታዲያ የሚሠራ ነገር ምን አስነካሽ?»

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ስትመለስ ጉዳዩ ኤሊ ለሚመራው ኮሚቴ ተላልፎ ቆያት። ኤሊ አንገቱን ብቅ አድርጎ «አይዞሽ፣ በሂደት ላይ ነን» አላት።

ድሩ ሂደቱን አልጠበቀም። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በተሰለፉበት ጠዋት ተበጠሰ። ጦጣም መስኮቱን እየዘጋች «ድር የለም፤ ነገ ተመለሱ» አለች። ልጆቹ በረሃብ ሲያለቅሱ ጩኸቱ ከዙፋኑ ደረሰ።

«ማን ፈቅዶ ነው ድሩ የወረደው?» ሲል አንበሳ አገሳ።

ሸረሪት አዲሱን ክር ትፈትል ነበርና ቀና አላለችም።

«ራሱ ነው የወረደው፣ ጌታዬ። እሱ እንደ እኔ አያስፈቅድም።»

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ፤ ሰልፉ ግን እስከ ማታ ቆየ።