መሬቷን የመታ አባት

አንዲት ወጣት እናት ልጇን ታቅፋ የኔታ ዘንድ መጣች። «የኔታ፣ ይሄ ልጅ ማልቀስ ሲጀምር ማቆሚያ የለውም። በምን ዝም ላሰኘው?» ብላ ጠየቀቻቸው። የኔታም እንዲህ አሏት፦

«አንድ ገበሬ ነበረ። ገና በቅጡ አፉን ያልፈታ ልጅ ነበረው። ልጁ ሲሮጥ ወድቆ ሲያለቅስ፣ ገበሬው ቶሎ ብሎ መሬቷን በመዳፉ ይመታል። ‹የጣለችህ እሷ ናት? ቅመሺ! መታኋት፣ በቃ!› ይላል። ልጁም እንባው ሳይደርቅ ይስቃል። በሩ ጣቱን ሲቆነጥጠው በሩ ይመታል፤ ጭንቅላቱ ከምሰሶው ሲጋጭ ምሰሶው ይመታል። ገበሬው ‹ልጅ ማባበልማ ከኔ ተማሩ› እያለ በጎረቤቶቹ ላይ ይኩራራ ነበር።

ከዚያ ሚስቱ ሴት ልጅ ወለደች። ልጁ ወደ እናቱ ጭን ሲሄድ ጭኗ ተይዟል። ‹ቆይ፣ እህትህ ትጥባ› ይሉታል። ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ከበደው። ምን እንደሆነ አላወቀም፤ የሚጠራበት ቃልም አልነበረውም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እናትየው ጎመን ልትቀነጥስ ጓሮ ወጣች። ገበሬው ከደጅ ሲገባ፣ ልጁ መደብ ላይ ከተኛችው ሕፃን አጠገብ ቆሞ ማማሰያውን በሁለት እጁ ወደ ላይ አንስቷል። ዘሎ ነጠቀው። ንዴቱ አልበርድ ብሎት በዚያው ማማሰያ ልጁን ሊመታው ሰነዘረ። ልጁ ግን አልሸሸም። ሕፃኗን እያየ በኮልታፋ አፉ ‹ቅመሺ! በቃ!› አለ።

የገበሬው እጅ እንደተነሳ ቀረ። ቃሉ የራሱ ነበር።

ማማሰያውን ጥሎ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ‹የእማዬ እቅፍ ናፈቀህ እንዴ፣ የኔ አንበሳ?› አለው። ልጁ አፍጥጦ አየው። ከዚያ ‹ናፈቀኝ› አለና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ። አባቱ ዝም በል አላለውም፤ የሚመታለት ነገርም አልፈለገም። ልቅሶው ሲወጣለት ልጁ ራሱ ከጭኑ ወርዶ የእህቱን እግር ነካ ነካ አደረገ።

ልጄ፣ ያንቺም ልጅ እንደዚያ ልጅ ነው። ሕመሙን ያውቀዋል፤ ስሙን ግን ማንም አልነገረውም። አንቺ በምን ዝም ላሰኘው ትያለሽ፤ ዝም ያሰኘሽው ልቅሶ ግን አንድ ቀን በእጁ ይወጣል። ይልቅ ስሙን ንገሪውና አብረሽው ቁጭ በይ። ይኸው አሁን እንኳ ነጠላሽ ውስጥ ተሸጉጦ ከንፈሩን ጥሏል። ይሄን ጢሜን አይቶ ነው። በይ፣ ‹ፈራህ እንዴ?› በይው።»