«እዚሁ ነኝ» ያለው ወጌሻ

አንድ ወጌሻ ነበረ።

ስሚኝ እንጂ ናርዶስ፣ ፊትሽን አታጨማድጂብኝ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም። በየቤቱ እየሄድሽ የውሃ ሮቶ ታጥቢያለሽ፤ ሱቅሽ ሳሪስ ነው። ዌብሳይት የሚሠራልሽ ሰውዬ «ለየሰፈሩ አንድ አንድ ገጽ ይኑርሽ፤ አንዱን ጽፈሽ የሰፈሩን ስም ብቻ እየቀየርሽ ለጥፊው፤ ሁሉም ላይ እዚሁ ሰፈራችሁ ነን በዪ» ብሎሻል። አንቺም «ጋሼ፣ ምን አለበት?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ የእናትሽ ወንድም ደግሞ ስጠየቅ ዞሬ ዞሬ እንጂ በቀጥታ መልሼ አላውቅም። ሻይሽን ጠጪና ስሚ።

ወጌሻው እጁ የተባረከ ሰው ነበር። አጥንቱን በጣቱ ዳበስ አድርጎ የቱ ጋ እንደተሰነጠቀ ይነግርሻል። የወለቀ ትከሻ ይዘው ሲመጡ ስለ አዝመራው እየጠየቀ፣ እያዋዛ፣ ሰውዬው መልሶ ሳይጨርስ ቦታው ያስገባዋል። ቤቱ ማክሰኞ ገበያ ከሚቆምበት ሜዳ ዳር ነው። በገበያው ቀን ዋርካው ሥር ቁርበቱን አንጥፎ ይቀመጣል፤ በሌላው ቀን የፈለገው ሰው ቤቱ ሄዶ ያንኳኳል። ሰው ይወደዋል፣ ያምነዋል። ምን ጎደለው? ምንም!

ግን ሰው ነዋ። ሐሙስ ገበያ ሌሎች ወጌሾች ስማቸው ተነሣ፣ ቅዳሜ ገበያም እንዲሁ ሲባል ሰማና ቅናት ያዘው። «እኔ እያለሁ?» አለ። ወዲያው ለፋፊውን አስጠራው። ያኔ በየገበያው ድንጋይ ላይ ቆሞ የጠፋውን በሬ፣ የሞተውን ሰው፣ የመጣውን ሸቀጥ በጩኸት የሚናገር ለፋፊ ነበረ።

«ለሐሙስ ገበያ ምን ልበል? ለቅዳሜስ?» ሲል ጠየቀ ለፋፊው።

«ለሁሉም አንድ ነው። ወጌሻው እዚሁ ነው፣ ዋርካው ሥር ታገኙታላችሁ በል። የገበያውን ስም ብቻ ቀይር።»

«እዚያ አይኖሩም እኮ ጌታው።»

«አንተ ደግሞ! እዚሁ ካልተባለ ማን ይመጣል? ዋናው እኔን መፈለጋቸው ነው። ከፈለጉኝ እደርሳለሁ።»

እውነቱን ልንገርሽ፣ ውሸት ተናገርኩ ብሎ እንኳ አላሰበም። የሁላችንም አመል ነው። ጫማችንን ገና ሳናስር «ደርሻለሁ» እንላለን። ተነሥተን ልንሄድ ስንል «መጣሁ» እንላለን። የሚሰማን ሰውም አመላችንን ስለሚያውቅ ይስቃል፣ ያልፈዋል። ችግሩ፣ አጥንቱ የተሰበረ ሰው አያልፈውም።

ለፋፊው በየገበያው ጮኸ። ቅዳሜ ገበያ ቆላ ነው፤ ከግራር በቀር ዛፍ የለውም። «ዋርካው ሥር» ሲል ሰው ሁሉ ዞር ዞር ብሎ አየና በሳቅ ፈረሰ። «ዋርካውን ተሸክሞት ይመጣል እንዴ?» ተባለ። ገበያውን ሁሉ የምታዳርስ አንዲት ጨው ነጋዴ ደግሞ «ወይ ጉድ! ማክሰኞም እዚሁ ነው፣ ሐሙስም እዚሁ፣ ዛሬም እዚሁ። ሰውዬው መንታ ነው?» አለች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ገበያ ላይ የወጌሻው ስም ሲነሣ ሰው ይስቅ ነበር እንጂ የሚፈልገው አልተገኘም። ይሄኛው እንኳ ቀላል ነው። ሐሙስ ገበያ ግን እንደዚያ በሳቅ አላለፈም።

ሐሙስ ገበያ አንድ ሸማኔ ይኖር ነበር። በጥበብ ሥራው የታወቀ ነው፤ ሙሽራ ሁሉ የሱን ጥበብ ካልለበስኩ ትላለች። ቤታቸው ከቁልቁለት ላይ ነው፤ ወደ ወንዙ የሚያወርደው ድንጋይ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ይሆናል። ሸማኔው ያጠበውን ማግ ተሸክሞ ሲወጣ እግሩ ከዳው። መሬቱን በቀኝ እጁ ሊደገፍ ሲል አንጓው ቀጭ አለ።

ሚስቱ ነገሩ ወዲያው ገባት። ሸማኔ ያለ እጁ ምን አለው? ከወንዙ ማዶ አጥንት የሚጠግኑ አንዲት እናት ነበሩና «ተነሥ፣ ማዶ ልውሰድህ፣ ወንዙ ሳይሞላ» አለችው።

«ምን አደከመሽ?» አላት። «ለፋፊው ያለውን አልሰማሽም? ወጌሻው እዚሁ ነው እኮ!»

የገበያቸው ዋርካ ሥር ሄዱ። ሰው የለም። እዚያ አካባቢ ቃሪያ የሚሸጡትን ጠየቁ። «እዚሁ ነው፣ በጆሯችን ሰምተናል» አሏቸው። «አይታችሁታል?» አለች ሚስትየው። «ኧረ እኛስ አላየነውም። ግን እዚሁ ነው።» አየሽ ናርዶስ? አንድም ያየው ሰው የለም፣ ሁሉም ይመሰክርለታል።

ባልየው «ጥቂት እንጠብቅ፣ ብቅ ይላል» አለ። ዋሉ። በማግሥቱም ሄደው ዋሉ። እጁ አብጦ ጣቶቹ አልታጠፍ አሉ። ሚስትየው ለምና ለምና ማዶ እንሂድ ብላ ስታሳምነው፣ ማታ የጣለው ዝናብ ወንዙን ሞላው። የሚያሻግር ጠፋ። ከዚያ በኋላ ምን ምርጫ አላቸው? ዋርካው ሥር እየሄዱ መቀመጥ ሆነ። ሐሙስ መጣ፣ ወጌሻው አልመጣም። እሱ በዚያ ቀን ቤቱ የሰው ክርን እየመለሰ ነበር፤ ሥራ ፈቶ አልተኛም።

በሌላው ሐሙስ ግን ቁርበቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ደስ ብሎት ከች አለ። ሚስትየው ገና ሳይቀመጥ ፊቱ ቆመች።

«እርስዎ ነዎት እዚሁ ያሉት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አላት ፈገግ ብሎ።

የባሏን እጅ ፈታ አሳየችው። ወጌሻው በጣቱ ዳበሰው፤ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። አጥንቱ ያለ ቦታው መያያዝ ጀምሯል።

ሸማኔው አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ቀና ብሎ «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ። «እዚሁ ማለት የት ነው?»

ወጌሻው የሸማኔውን እጅ እንደያዘ «መልሼ ልሰብረው ነው ወንድሜ፤ ሌላ መንገድ የለውም» አለ። ሸማኔው ነጠላውን ነክሶ እጁን ሰጠው። ወጌሻው እያለቀሰ ሰበረው፤ እያለቀሰ አቃናው፤ በቀርከሃ አስተካክሎ አሰረው። ሲጨርስ ሚስትየው ቁርበቱን አንሥታ አቀበለችው። ሂድልን ማለቷ ነው። አንጀቷ አሯል፣ ምን ይፈረድባታል!

ወጌሻው ቁርበቱን ተቀበላትና እስከ ቤታቸው ተከትሎ በራፋቸው ላይ አነጠፈው። «ይህ እጅ እስኪድን እዚሁ ነኝ» አለ።

እንዳለውም አደረገ። ማክሰኞ ገበያ ላይ ለፋፊውን «ወጌሻው ዛሬ ቤቱ የለም፤ ሐሙስ ገበያ ሸማኔው ቤት ነው» አሰኘው። ጠዋት ማታ እስሩን እያየ፣ እያላላ፣ እያጠበቀ ከረመ። በራፉ ላይ ተቀምጦም ያንን ቁልቁለት ሲያይ ዋለ፤ ማን እንዴት እንደሚወድቅ፣ ለምን የዚያ አገር ሰው አንጓው እንደሚሰበር ያን ጊዜ ገባው። ከቤቱ ሆኖ ይህን በምን ያውቀው ነበር?

ቤቱ ሲመለስ ለፋፊውን እንደገና ጠራው። «ለሐሙስ ገበያ እንዲህ በል፤ የወጌሻው ቤት ማክሰኞ ገበያ ነው፣ እዚህ የሚመጣው በገበያችሁ ቀን ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ወድቆ አንጓው ያበጠ ሰው እጁን በጠፍጣፋ እንጨት ያስር። ቀኑ ካልሆነ ወጌሻውን አይጠብቅ፤ ወንዙ ሳይሞላ ማዶ ያሉት እናት ጋ ይሂድ።»

«ሰዉን ወደ ሌላ ሰው ልስደድ?» አለ ለፋፊው ዓይኑን አፍጦ።

«ስደደው።»

«ቅዳሜ ገበያስ ምን ልበል?»

«እዚያ ሄጄ አላውቅም። ምንም አትበል።»

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ዋርካው ሥር ሰው ተሰልፎ ይጠብቀው ጀመር። የማይመጣበትን ቀን የነገራቸው ሰው፣ እመጣለሁ ባለበት ቀን እንደሚመጣ አመኑታ። ሸማኔውም እጁ ዳነ። መወርወሪያውን ይወረውራል፣ ጋቢ ይሠራል፣ ቤቱን ያስተዳድራል። ጥበብ ግን ከዚያ ወዲህ አልሠራም፤ ጣቶቹ ለቀጭኑ ሥራ እንቢ አሉት። ወጌሻው በመንገድ ላይ ሙሽራ ባየ ቁጥር ዓይኑ ቀሚሷ ላይ ይቀር ነበር ይባላል።

እንግዲህ ልጄ፣ ለፋፊው ያ ዌብሳይትሽ ነው። አንቺ ተኝተሽም ይለፍፋል። የሌለሽ ቢሮ ቅዳሜ ገበያ ላይ የሌለው ዋርካ ነው። ኮተቤ ያለች አንዲት እናት ሮቶዋ ውስጥ አይጥ ሞቶ ታገኛለች እንበል፤ «እዚሁ ሰፈራችሁ ነን» የሚለውን ገጽሽን ታነባለች፣ ሌላ ሰው ሳትጠራ አንቺን ስትጠብቅ ትውላለች፣ ልጆቿ ውሃ ውሃ ይላሉ። አንቺ ደግሞ ሳሪስ ሌላ ሮቶ ውስጥ ገብተሽ ትፈትጊያለሽ። ይሄ ነው ያለበት!

ገጹን አትሥሪ አላልኩም፤ ሥሪ። ግን መጀመሪያ በራፋቸው ላይ ቁርበትሽን አንጥፊ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ሮቶው ጣሪያ ላይ ነው፣ ቁልፉ ኮሚቴው ጋ ነው፤ ቀድመው እንዲያስፈቅዱ ጻፊላቸው። መኪናሽ የማይገባበት ቅያስ ካለ፣ ፓምፑን በሸክም ስለምታስገቢ ሥራው እንደሚቆይ ንገሪያቸው። ሰፈሩ የሚጠራበትን ስም እነሱ እንደሚሉት በዪው። ከየት ተነሥተሽ በየትኛው ቀን እንደምትደርሺ ጻፊ፤ ለአስቸኳይ የማትደርሺ ከሆነም እሱኑ ጻፊው፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ። ሄደሽ የማታውቂው ሰፈር ላይ ዝም በዪ። ገጽሽ ጥቂት ይሆናል፤ ይሁን!

አንቺ፣ ስልክሽ ይጮሃል። ደንበኛሽ ትሆናለች፣ ቅድም «በአሥር ደቂቃ እደርሳለሁ» ስትዪያት የሰማሁሽ። ሻይሽን እንኳ አልጨረስሽም፣ እኔ ቤት ነሽ። አንሺው፣ ናርዶስዬ። የት ደረስሽ ስትልሽ ያለሽበትን ንገሪያት።